ግራና ቀኝ

ለስድስት ወር ብሎ ከቡልጋሪያ የመጣው፣
የውኃ ፓምፕ ተክሎ ሊመለስ ነበር ወደዚያው።
አርባ አንድ ዓመት ሆነው።
ሻንጣው አልጋ ሥር ነው፤
እናቴ ገና ድሮ የሕፃን ልብስ ሞላችው።

"ሶፊያ፣ ሶፊያ" ሲል አክስት መስላን ኖረን፣
ከተማ መሆኗን ካርታ ነው የነገረን።

ስሙ ስቶያን ነው፤
ሰፈሩ አሳጥሮ "ጋሽ ጦያን" አደረገው።
ወንድሜን ቦያንን የቀበሌው ጸሐፊ
"ቦጋለ" ብሎ ቢጽፈው፣
መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን አየ፣ ፊርማውን አኖረ፤
"እሱም ጥሩ ነው" አለ። ቦያን ቦጋለ ሆኖ ቀረ።

ባገሩ ደንብ እንዲህ ነው፦
ራስ ግራና ቀኝ ሲል፣ "እሺ" ማለት ነው፤
ወደ ታች ከነቀነቀ፣ ያ ሰው እምቢ ያለ ነው።

ይህን ማን ያውቅለታል?
ሽማግሌ ልኮ ቤት መቅረት ሲገባው፣
ከረባቱን አስሮ ከኋላ ተከተላቸው።
የእናቴ አባት ኦቦ ዋቆ ትክ ብሎ አየው፦
"ልጄን አያንቱን አክብረህ ትይዛታለህ?" አለው።
አባቴም ከልቡ፣
ላብ እያሰመጠው፣
ግራና ቀኝ፣ ግራና ቀኝ፣ ራሱን ወዘወዘው።
ጉባኤው ጸጥ አለ።
አንዱ አጎት ዱላውን ጨበጥ አደረገው።
እናቴ ናት ከጓዳ ሳቋን አፍና ወጥታ
"እሺ ነው ያለው!" ብላ ያስጣለችው።

አማርኛው ሁሉን አሸንፎ ጾታ ላይ ይሰናከላል፤
ሚስቱን "አንተ" ይላል፣ ፓምፑን "አንቺ" ይላል።
"አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሽ ነው?" እያለ ዘይት ሲያጠጣት፣
እናቴ በር ላይ ቆማ፣
"እዚያው እደር ከሷ ጋር!" እያለች ስትስቅበት፣
"አንተ ትቀናለህ" ይላት።

ናዝሬት በምትባልበት ዘመን
ውኃው ጥርስ ያበልዝ ነበር።
የኔ ይኸው ቡናማ ነው፤
ስስቅ በመዳፌ ነው አፌን የምሸፍነው።
ይህን ያየ ዕለት አልተናገረም፤ ደብተር አወጣ፤
ሦስት ዓመት ሙሉ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲለካ፣ አቧራ ለብሶ ሲመጣ፣
በአራተኛው የኛ ሰፈር ቦኖ ደህና ውኃ አመጣ።
ታናሼ ሲስቅ ጥርሱ ወተት ነው።
አባቴም መንገድ ላይ ሕፃን ካገኘ
ሰላምታው "ሳቅ እስቲ" ነው፤
ሴቷንም "ሳቅ" ነው የሚላት፣ ያው።

የእድሩ ድንኳን ባዳማ ነፋስ ሲወድቅ ሰለቸው፤
ቋሚውን ለክቶ፣ ገመዱን አስልቶ፣ እንደገና አቆመው።
"በማን ይመረቅ?" ብለው ሲቀልዱበት
ምን እንደመለሰ አላስታውስም።
በጥር፣ ነፋሱ ቆርቆሮ ገንጥሎ በሚወስድበት ቀን፣
ድንኳኑ ንቅንቅ አላለም፤
ሥሩ የተቀመጥነው እኛ ነን።

ሆስፒታል ሳለ ሐኪሙ "ያምሃል?" አለው፤
ወደ ታች ነቀነቀ።
መርፌ ሊወጋው ሲል ሦስታችንም በአንድ ድምፅ፦
"አያመኝም ነው ያለው!"

ሌሊቱ ሲጋመስ እናቴ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ፣
"ትተኸኝ ልትሄድ ነው?" አለችው።
ወደ ታች ነቀነቀ።
አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ።
በኛ ቤት ይህ "አይ" ነው።
ግን አርባ አንድ ዓመት ከኛ ጋር የኖረ ሰው፣
የማንን ደንብ እንደያዘ በምን ይታወቃል?
ደግሞም ወዲያው
ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበው፣
እኛ እዚህ አገር "አዎ" ስንል እንደምንስበው፤
መልሶም አላወጣው።

እናቴ እስከ ዛሬ ትሟገተኛለች፦
"አይ ነው ያለኝ፣ አልሄድም ነው ያለው፤
አይደለም እንዴ?" ትላለች።
እንግዳ ሰው ቢያየኝ የካድኳት ይመስለዋል፤
እኔ ግን ራሴን
ግራና ቀኝ፣
ግራና ቀኝ።