ሦስት ዲግሪ ወደ ዓባይ

ውብርስት ከሳይንስ ክበብ ካርቶን ተበድራ፣
ጥፍር የሚያህል ጡብ ስትገጣጥም አድራ፣
በማለዳ ደወለች፦ "ቶሎ ናማ፣ መኪና አለን፤
አባዬ ሊነዳት ነው፣ ረዳት ብቻ ጎደለን።"

ባጃጄን ደጅ ትቼ ገባሁ።
ጋሽ እንየው መደቡ ላይ፣ ጋቢው ካንገቱ ተጠምጥሞ፣
ሁለት እጁ ጉልበቱ ላይ ጎን ለጎን ተጋድሞ፣
እንደ ተዋሱት ዕቃ፣ ሳይመለስ ከርሞ።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ጤፍ ጭኖ በኤፍኤስአር፣
በረሃውን ሲወርድ፣ ድልድዩን ሲሻገር፣
ታኮ ታቅፌ እኔ ነበርሁ ከኋላው የምሮጥ፣
"ጣል!" ሲለኝ ድንጋዩን የምሰካ፣ ጎማው ሳያመልጥ።
አሁን ጣቱ አይታጠፍም፤ ሰው ያጎርሰዋል፤
ስልክ ሲደወልለት በክርኑ ይነካዋል፤
ስልክ ደግሞ ክርን አያውቅም፣
ዝም ብሎ ይጮኻል።

እሷ ግን የራሷን ስልክ ከመዳፎቹ መሃል
እንደ ትኩስ ዳቦ አስያዘችውና፣
"መንካት አያሻህም" አለችው፣ "ዘንበል፣ ቀና።
ውስጡ ከምስር ክክ ያነሰች አንዲት ነገር አለች፣
ምድር ወዴት እንደምትስባት ረስታ የማታውቅ ነች።
ወደ ግራ ብታጋድል፣ መኪናዋም ወደ ግራ።
ደፋ ስታደርገው መሄድ፤
ወደ ደረትህ ስትስበው፣ ፍሬን።"

"ውሃ ልክ ነው በይኛ፣ ግንበኛ የሚይዘው!"
አለ ጋሽ እንየው።
"አዎ። ብቻ ይኼኛው ውሃ ልክ ወሬኛ ነው፤
ያየውን ባየር ሮጦ ለጎማ የሚነግረው።"

ለኮሰቻት።
እሱ ገና ትንፋሹን ይዞ፣ ክንዱም ሳይላወስ፣
መኪናዋ ወደ በሩ በረረች፤ ከጀሪካኑ ስትደርስ
ገጭታ ተበተነች። ቢጫ ጡብ በየማዕዘኑ።
ለቀመች፣ ሠራች፣ ለቀቀች። ደግሞ ወደ በሩ።
ሞተሩን ፈታች። ጎማውን ቀያየረች። ከቁጥሮቿ ተጣላች፦
"ትናንት ትምህርት ቤት ልኳን ይዛ የዋለች!"
በመጨረሻ ስልኩን ሲሚንቶው ላይ አስተኝታ
አነበበችው፣ ተንበርክካ፣ አንገቷን ደፍታ፦
"ቤቱ ነው! ቤታችን
ሦስት ዲግሪ ወደ ዓባይ አዘንብሏል።"

ትርንጎ ከጓዳ ሳቀች፦ "አላልሁም? ሃያ ዓመት ሙሉ
ያመለጠኝ ሽንኩርት፣ የወደቀ ድንች ሁሉ
ከበሩ ሥር ነው የማገኘው። ማን ሰማኝ?"
ጋሽ እንየው ቆየና፦ "ደጀን አፋፍ ላይ የሠፈሩ፣
ገደል ቁልቁል ሲያዩ የኖሩ፣
እንዴት ብለው ይቀናሉ?"

"ቤት ማቅናት አልችልም" አለች፤ "ዜሮን ግን አዛውራለሁ።"
አንዲት ነገር ነካ አድርጋ ለስልኩ ነገረችው፦
ይኼን ጠማማ ወለል፣ ቀጥ ብለህ ቁጠረው።

መንገዱን ዘረጋን፦ ደብተር ለመታጠፊያ፣
ለዓባይ ድልድይ የውብርስት ማበጠሪያ፣
ለዳገቱ ሳንቃ፣ በበርጩማ ተደግፎ።
ወረደ፤ ጥርሱን ነክሶ፣ ወገቡን ዐጥፎ።
ትከሻው ቀደመ፣ ክንዱ ተከተለ፣
በየመታጠፊያው አፉን አሹሎ "ጡጥ!" አለ
ከታች ለሚመጣ ተሳቢ።
ቀኝ እግሩ አየር ረገጠ። ዐይኑ ወደ ግራ መስተዋት
ሄደ፤ ግድግዳ አገኘ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ።
እኔም፣ አርባ የሞላኝ ሰው፣ በእንብርክኬ ከኋላው፣
ላጲስ ይዤ።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሞተሩ ጠፋ።
መኪናዋ ወደ ኋላ —
"ጣል!"
ጣልሁ። ላጲሱ ነከሰ። ቆመች።

ውብርስት ድምፁን ከፈተችው። አጎቷ ነው፣ ከቢቸና፦
"አባትሽስ? የት ነው?"
ግንባሩ በላብ ርሷል። ጎማውን አየ፣ እኔን አየና
"በረሃው ውስጥ ነኝ" አለ።
"ዳገቱን ልጨርስና እደውላለሁ።"