የማይጨምር ሣጥን

ሦስት ድምፅ ባንድ ቤት፣ ጥንድ ስፒከር ብቻ፣
መንቀልና መሰካት፣ የማታ ዘመቻ።
ባሌ ሻረው ዜና፣ ልጄ ኢታይ ዘፈን፣
አማቼ ካሴቱን፣ በመሐረብ ሽፍን።
የሶኬቱ አፍ ሰፋ፣ ገመዱ ተላጠ፣
አንድ ቀን በግራው ድምፁ ተቋረጠ።

«ተይው፣ ዝግጁውን እንግዛ» አለ ሻረው።
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ቂርያት ጋት፣ ፋብሪካ ውስጥ፣
ከአጉሊ መነጽር ሥር አጎንብሼ
የሰው ሽቦ በይጄ፣ የሰው ቦርድ ጨርሼ፣
ለራሴ ቤት አንዲት ነጥብ ብየዳ የለኝም።
«አልገዛም» አልኩት። «እሠራለሁ።»

ንድፉን የሣልኩት በመብራት ደረሰኝ ጀርባ፤
ሦስት መግቢያ፣ አንድ መውጫ፣
መሐሉ ላይ የሚዞር መምረጫ፣
ከሱ ቀጥሎ የድምፅ ቁልፍ፣ አሥር ኪሎ ኦም።
ባትሪ የለው፣ ከግድግዳ ጋር ጉዳይ የለው፤
የመጣለትን ያሳልፋል እንጂ
ከራሱ አንዲት ጠብታ አይጨምርም።

ቤቱ የብስኩት ቆርቆሮ ነው፣
ክዳኑ ላይ አንድ ዓይኑ የተፋቀ ግመል።
በድሪል ስበሳው ከታች ያለችው ሩሲያዊት
ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች።

መጀመሪያ ከሹክ የገዛሁት ቁልፍ ርካሹን ነበር፤
ትንሽ ስነካው ቤቱን ያናውጣል፣
ከዚያ ግማሽ ዙር ብጨምርለት ለውጥ የለውም።
ቁጥሩ እኩል እኩል ነው፤ ጆሮ ግን እንዲያ አይቆጥርም።
ከዝምታ እስከ ሹክሹክታ ያለው መንገድ
ከጩኸት እስከ ጩኸት ካለው ይረዝማል።
ይህን ፋብሪካ አላስተማረኝም፤
ምራት ሆኜ ነው ያወቅሁት።

ቀየርኩት። ደግሞ ሌላ መጣ፣ እዝዝዝ የሚል፣
ግድግዳ ውስጥ ንብ የሰፈረ ይመስል።
ሁለት ሌሊት ፈለግሁት፦ መሬቱ ነው።
ሽቦው መሬት የነካው ሁለት ቦታ ነው፣ እዚህም፣ እዚያም፤
በሁለቱ መሬት መሐል የሚዞር ነገር አለ፣
እሱ ነው የሚያቃስተው።
ሻረው ሳቀ፦ «ይሄማ የኛ ታሪክ ነው።»
«ዝም በል፣ ሽቦ ነው» አልኩና
አንደኛውን ቆረጥኩት። ጸጥ አለ።
መቁረጫውን ይዤ ለምን እንደዘገየሁ አልነገርኩትም።

ሐሙስ ማታ አባ መኳንንት መሐረቡን ፈቱ።
ከጎንደር የተላከ፣ የእህታቸው የጥሩወርቅ ድምፅ፣
ተራዋን ስትጠብቅ ያለፈች።
መምረጫውን ወደ ሁለት አዞርኩ፤ ቀጭ።
መጣች፣ ከሩቅ፣ ጭድ ተከምሮባት እንደምታወራ።
«ከፍ አድርጊው።»
አደረግኩ።
«ከፍ።»
የስፒከሩም ጉልበት ጫፉ ላይ ነው፣ የኔም ቁልፍ ጫፉ ላይ።
«አባ፣ ይሄ ሣጥን መቀነስ እንጂ መጨመር አያውቅም።»

ዝም አሉ። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ከፈቱ።
ያኔ ኢታይ ተነሣ፤ ቬንቲሌተሩን አጠፋ፣
መስኮቱን ዘጋ፣ ባቡሩ ውጭ ቀረ።
ሻረው የፍሪጁን ሶኬት ነቀለ፤
እሱም ሲያቃስት መኖሩን ያን ጊዜ አወቅሁ።
ነሐሴ ነበር፤ ላብ ባንገታችን ወረደ፣
ማንም ለመጥረግ እጁን አላነሣ።

«... እኔስ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ብቻ።
ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየ። ላሟን ሸጥናት።
መኳንንት፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ» አሉ አባ፣
እንደ ስልክ፣ ቶሎ፣ እንዳይቋረጥባቸው።
«እሰማለሁ፣ ቀጥይ።»

ካሴቱ ራሱ አልቆ እስኪቆም
ቁልፉን የነካው ሰው አልነበረም።

ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ወተቱ ጎምዝዟል፤
ሶኬቱን መመለስ ሁላችን ረስተናል።