አምስተኛው ትውልድ

አባቴ ሁብ ፔተርስ ከሰል ሲቆፍር ኖሮ፣
ጉድጓዱ ሲዘጋ ዛፍ መግረዝ ተምሮ፣
ኼሌን ከተማ ዳር፣ ከጡቡ ግንብ ጋር፣
የፒር ዛፍ ያሳድጋል በሽቦ ወጥሮ።
ግንዱ አንድ፣ ክንዱ ሁለት፤
ከክንዱ ጣት፣ ከጣቱ ጣት።
«ልቅ የተተወ ቅርንጫፍ ፀሐይ ይነጥቃል፣
ከወንድሙ ሲሻማ እሱም አብሮ ይደርቃል»
ይላል፤ መቀሱን ቀጭ ያደርጋል፤
ያስላል፤ ይጠብቃል፤ ደግሞ ቀጭ ያደርጋል።

እኔ ልጁ ዊለሚን ከግንቡ ማዶ ነኝ፤
ፋብሪካው ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ብልቃጥ የሚያነጋኝ።
እኔም ዛፍ ነው የማሳድገው፣
ዓይን የማያየው፣ ነፋስ የማይወዘውዘው፤
ሥር የለው፣ አፈር የለው፣
እምብርት ብቻ ነው ያለው።
ከእምብርቱ አራት እጅ፣
ከአራቱ ስምንት፣ ከስምንቱ ዐሥራ ስድስት ልጅ።
እያንዳንዱን ዙር «ትውልድ» እንለዋለን፤
ትውልድ በትውልድ ላይ እንደርባለን።
በየትውልዱ ሁለት ሥራ፦ መጀመሪያ መግጠም፣
ቀጥሎ ሃይድሮጂን ማጠጣት፣ እስኪቆረጥ ጥም።
ከዚያ ማጥራት፣ ማድረቅ፣ መመዘን፤
አንዲት ጣት ብትጎድል
በሚቀጥለው ትውልድ የቤተሰብ ሙሉ ሐዘን።

አምስተኛው ላይ ቦታ ጠበበ።
ስልሳ አራቱ ጫፍ እንደ ገበያተኛ
ትከሻ ለትከሻ ተሰበሰበ።
ውጩ ጥቅጥቅ፣ ውስጡ ባዶ፣
ቤት ነው እንጂ፤ በሩ ግን ተወግዶ።
ጫፎቹን በአሚኖ አሲድ ከመድፈኔ በፊት
ሁለት እንግዳ ጨመርኩ፣ ከየቀለሙ ጥቂት፤
አንዱ ትንሽ ቢጫ፣ አንዱ ትልቅ ቀይ።
ከዚያ ዘጋሁና አጠብኩ፣ ይወጡ እንደሁ ላይ።
ሰኞ አጠብኩ። ማክሰኞ። ዐርብም።
ውሃው ጠራ። ዱቄቱ አልነጣም።
በሦስተኛው ሳምንት ውሃው የምንጭ ውሃ መሰለ፣
ዱቄቱ እንደ ቀላ አለ።

እሑድ የፕሪም ኬክ በላን። ብልቃጧን ከኪሴ
አውጥቼ ሰጠሁት። በመስኮቱ ብርሃን ያዛት።
«ምን ይጠቅማል?» አለኝ።
መድኃኒት ይሸከማል፣ አልኩት፣ እስከ ዕጢው ደጅ፤
ጓዳ ሙሉ ስንቅ ይዞ፣ እንደ መልካም እንግዳ ወዳጅ።
ቀለም ውስጥ ቢገባም ቶሎ ያደርቃል፣ አይንጠባጠብም፤
አልኩት። ሌላም አልኩት። አላዳመጠኝም።
ብልቃጧን ወደ ጆሮው አስጠጋት፣ እንደ ሰዓት።
«የገባው እንዴት ይወጣል?»

ያን ጊዜ ነው ያሰበኝ የዶክተር ክራውሰን ራጅ፦
የተገለበጠ ዛፍ፣ ግንዱ ከላይ፣ ጫፉ ከደረት ደጅ።
ሳንባም ይከፈላል፣ አንዱ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት፤
ሃያ ሦስት ትውልድ ይደርሳል ብሎኛል ሐኪሙ በዚያች ማታ።
በመጨረሻው ትውልድ፣ በቀጭኑ ቅርንጫፍ፣
ጥቁር ጥቁር ነጥብ፣ እንደማይረግፍ ፍሬ፣ በየጫፉ ጫፍ።
«ጉድጓዱን ከለቀቅኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ፤
እሱ ግን አልለቀቀኝ፣ አለ ከደረቴ»
አለና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ።
መሐረቡን አጠፈ፣ ሳያየው አሳደረ።

በአሲድ ነው፣ አልኩት ቆይቼ። መጀመሪያ
ከጉንዳን ስሙን ባገኘው፤ ትንሹ ይወጣል።
ትልቁ ግን በሚፈላ፣ በሚበላ፤
ያኔ ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል።
«እንግዲያስ» አለኝ፣ ብልቃጧን መለሰልኝ፣
«ትልቁ ይቀመጥ፤ ዛፉን ተይልኝ።»

ሰኞ ጠዋት መስኮቱን ከፈትኩ።
የጉንዳኑን አሲድ ጨመርኩ፣ ጠበቅኩ።
ቢጫው ወጣ፤ ውሃው ውስጥ እንደ ሻይ ተበተነ።
ቀዩ ከቤቱ አልተነሣም፣ እንደ ሆነው ሆነ።
ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ «ትልቁ አልወጣም።»
ቀኑን ጻፍኩ። ሰዓቱን። እጄን አልታጠብኩም።
ከግንቡ ማዶ መቀሱ ቀጭ አለ።
ዝም አለ። ዝም
አለ።
ቀጭ።