በሱፍ ልክ

ከዲሞና ማታ፣ ሰባት ሰው አሳፍሬ፣
ወደ ጨው ፋብሪካ፣ ቁልቁል ተወርውሬ፣
ስሄድ ስመላለስ፣ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤
ዓይኔ ያላየውን፣ ጎማዬ ነገረኝ።

ከመሪው በስተቀኝ፣ መዳፍ የማትሞላ፣
ኮምፒውተር የሚሏት፣ ትንሽ መስኮት አለች፤
«ነዳጅ ስንት ቀረ? ሞተር ስንት ጋለ?»
ለጠየቃት ሁሉ፣ ሳትሰስት ትነግራለች።

ባለፈው ክረምት ግን
ከጀርባዋ ያለው አምፖል ተቃጠለ።
በቀን ቁጥሩ አለ፤
ማታ ጠመኔ ያልነካው፣ ጥቁር ሰሌዳ መሰለ።
ቁጥሩ መች ጠፋና!
እዚያው ተቀምጧል፣ የሚያስነብበው አጥቶ፤
ስንቱ ሌሊት ነጋ፣ በሞተሩ ሳል ብቻ፣ በግምት ተነድቶ።

አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ከሮተም አለፍ ብሎ፣
ነዳጁ አለቀና፣ ሰባቱም ወረዱ፤
ከኋላ እየገፉኝ፣ ብርድ እየጠጡ፣ በእግራቸው ነጎዱ።
ወይዘሮ ጥሩአየሁ፣ የሥራ ጫማዋን አሸዋ ሞልቶባት፣
«አንድ አምፖል ቆጥበህ፣ ሰባት ደሞዝ አስቆረጥክ!»
ምን ብዬ ልመልስላት?

በማግስቱ ቤርሳቤህ፣ ከጠባብ ሱቅ ገብቼ፣
እንደ ቀሚስ ጥልፍ በክንድ የሚሸጥ
የኤልኢዲ ጥብጣብ፣ ይዤ መጣሁ ገዝቼ።
ማታ ወጥ ቤት ሆነን፣ ባለቤቴ ስንዱ ባትሪ አበራችልኝ፤
አንዱ ብሎን አምልጦ ከምድጃው ሥር ገባ፣
እስካሁን አልተገኘልኝ።
ከዝንብ ዓይን ያነሰ፣ የከሰለ አምፖል፣ ለቅሜ ጣልኩ፤
ትንፋሼን ውጬ፣ ቀይና ጥቁሩን ሽቦ በየድኩ።
ብርሃኑ ነጠብጣብ ሳይሆን፣ ወጥ ሆኖ እንዲፈስ፣
ስንዱ የኬክ ወረቀት ቀድዳ ሰጠችኝ፣
ከጥብጣቡ ፊት የሚለበስ።

መኪናው ላይ ገጥሜ፣ ቁልፉን ሳዞረው፣ ቡግ!
ስንዱ እልል አለች፤
ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት መጋረጃ ገለጠች።

ነጭ ግን ሲበዛ...
በዚያው ሌሊት፣ የፊቱ መስታወት መሀል፣
«ሠላሳ አራት» የሚል ቁጥር ተንሳፈፈ፤
ከመንገዱ ጎልቶ፣ ከጨረቃ አልፎ ገዘፈ።
ከመታጠፊያው ላይ፣ ከቁጥሩ በስተጀርባ፣
አራት ቅልጥም አየሁ።
ግመል!
ፍሬኑን ረገጥኩት። ጎማው ጮኸ፤ ቆምን።
በሦስት ክንድ ርቀት፣ እያመሰኳች፣
«ምን አስቸኮላችሁ» በሚል ዓይን አየችን።
ጥሩአየሁ እንኳ አልተነፈሰችም።

በጨለማው ጊዜ፣ ቁጥሬን አጣሁት፤
በብርሃኑ ጊዜ፣ መንገዴን አጣሁት።
ከዚያው ሱቅ ተመልሼ መቀነሻ ገዛሁ፣ ለመብራቴ ልጓም፤
ራቁቱን ዘንግ ነው፣ የሚያዝ ጭንቅላት የለውም።
ስንዱ ትዝ አላት፤ ከደረጃው ሥር የጣልነው
አሮጌ ልብስ ማጠቢያ፣ መዞሪያው ደህና ነው።
ነቀልነው። ሰካነው። ልክክ!
ዙሪያውን በዕብራይስጥ እንደተጻፈበት ነው፤
ጥጥ፣ ባለቀለም፣ ሱፍ፣ ስስ ጨርቅ።

ስለዚህ አሁን፣
ጀምበር ሳትጠልቅ ጥጥ ላይ አደርገዋለሁ፤
የከተማው መብራት ሲያልቅ፣ ባለቀለም ላይ እመልሰዋለሁ፤
ጨረቃ ስትወጣ ሱፍ፤
ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ባሕሩ ከታች
እንደ ቀዘቀዘ ብረት ሲጠቁር ደግሞ፣ ስስ ጨርቅ።
ያን ጊዜ ቁጥሩ አለም የለም፤
ካልጠሩት አይመጣም፣
እንግዳ እንዳየ ዓይን አፋር ልጅ ነው።

ትናንት ጥሩአየሁ፣ ከጎኔ ተቀምጣ፣
እጄን ከመዞሪያው ላይ አየችና ሳቀች፤
«ደግሞ ምን ልታጥብ ነው?» አለች።
«ብርሃን» አልኳት።
ጥቂት አሰበችና፣ ሻርፗን አገጯ ድረስ ሳበች፤
«እሺ፣ ቀለሙ እንዳይለቅ ብቻ።»

ሱፍ ላይ ነበርኩ። አንድ እርከን ቀነስኩለት።
በሩቅ፣ ከመንገዱ ዳር፣
ሁለት አረንጓዴ ዓይን ጨለማው ውስጥ በራ፤
እግሬን ከነዳጅ መስጫው አነሳሁ።