ቢጫው መኪና ሲመጣ

በኪሉንግ ወደብ ላይ ዝናቡ አያባራ፤
ከሾርባ ቤቱ ደጅ፣ ከሚያፈሰው ሸራ
ሥር ተኮልኩለናል፤ የላን ሲ-ዩንን ዘፈን፣
ትናንት የወጣውን፣ ስልኩን በጨው ዕቃ አስደግፈን
ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ደግመን እንሰማለን።

(ዕድሜዬን ተዉትና፣ ቀን ዓሣ መዛኝ ነኝ፤
ከመሸ ግን እኔን በድምጿ የምትመዝነኝ
ይቺው ልጅ ናት።)

«እዚች ጋ! ስሙልኝ!» አለችን ዋን-ሩ፣
የመብያ እንጨቷን ቀስራ ወደ አየሩ፤
«ይኼ የሷ አይደለም፤ የፒያኖ ዜማ ነው፣
ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ሰው የጻፈው።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጣቴን አፍታትቼበታለሁ፤
በሳትኩ ቁጥር መዳፌን በማስመሪያ ተመትቼበታለሁ።
አንገቱን ቆረጠችው! ሐዘኑን ጣለችው፤
ከበሮ ደርባ ለጭፈራ ሸጠችው።»

ቦ-ካይ ሳቀባት። ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነው፣ ጥፍሩ ዘይት የጠጣ፤
«የሞተ ሰው ዜማ ከሷ ካልተዋሰ ከወዴት ነፍስ ያምጣ?
እኔ ያንን ሰውዬ አላውቀው፤ ፒያኖም አልነካሁ፤
ትናንት ግን ከሷ አፍ ሰምቼው አልተኛሁ።»

«ሌባ ናት!»
        «ወራሽ ናት!»
                «ኧረ ተበዳሪ!»
«ለሞተ ሰው ዕዳ አንቺ ነሽ ተቆርቋሪ?»

«ያው ውሃ ነው» አልኩኝ፣ «ባሕሩም ዝናቡም።»
ማንም አልሰማኝም። ለነገሩ አይሰሙም፣
አምሳ የደፈነ ዓሣ መዛኝ ስለ ዘፈን ሲያወራ።

ሺንግ-ቼ ብቻ ዝም ብሏል። ሾርባው ፊቱ ረግቷል።
በመጨረሻ ቀና አለ፤ አንዳች ነገር ጠፍቶበታል።
«የማን እንደሆነማ እኔ ምን አውቄ፤
ግን ይሄን ስሰማው፣ ሳላስበው ነቅቄ፣
እግሬ ልሩጥ ይላል፤ እጄ የሚያነሳው
አንድ ነገር ይሻል። ምን ነበር የረሳው?»

አፉን ሳይከድን፣ ከመታጠፊያው ማዶ፣
ያው ዜማ መጣልን በዝናቡ ወርዶ፤
እንደ ቆርቆሮ የቀጠነ፣ ግማሹ የዛገ፣
በድምጽ ማጉያ አፍ ላይ ያረገረገ።
አንድ ሰዓት ተኩል ነው።
ቢጫው መኪና ነው።
የቆሻሻ መኪናው።

ሰፈሩ ተከፈተ። ከፎቁ፣ ከምድር ቤቱ፣
በፒጃማ፣ በነጠላ ጫማ፣ ፌስታል ያነገቱ
ጎረቤቶች ሮጡ። ከሰገነት እናት ተጣሩ፦
«ቆሻሻው! ቆሻሻው እኮ አልወጣም፣ ዋን-ሩ!»
ያቺ የማስመሪያዋ፣ የሁለት መቶ ዓመቱ ጠበቃ
እንጨቷን ወርውራ በረረች፣ ጫማዋን አውልቃ።

ስትመለስ ርሳለች። እየሳቀች ነው ደግሞ።
«አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ፌስታል ተሸክሞ፣
እኔ ጫፉን ይዤ፣ ስንሮጥ መኪናው እንዳያመልጠን፣
‹ዘፈኑን ግዛልኝ› አልኩት፤ ሁለታችንም ሳቅ ገደለን።
ከዚያ ነው ፒያኖ የገዛው። በዱቤ።
ለሟቹ ሰውዬ አልነበረም ሐሳቤ።»

ቦ-ካይ መልስ አልሰጣትም፤ ለማሸነፍ ጊዜ አልነበረም።
በመኪናው ዜማ ላይ የላን ሲ-ዩንን ግጥም
ቅኝቱን ስቶ ጀመረ። ሺንግ-ቼ ተቀበለው።
ሾርባ ሻጯ ወይዘሮ ፔይ-ሹዋን፣ የአጥንት ባልዲ እንደያዙ፣
በከንፈራቸው ብቻ፣ ማንም ሳያይ፣ አብረው ተጓዙ።

መኪናው ጭራ ላይ የቆመው፣ ጓንቱ እስከ ክንዱ፣
ሃያ ዓመት ይህንን ዜማ የሰማው በየመንገዱ፣
የላስቲክ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ፤
ዓይኑ ቀስ እያለ በዝናቡ ሰፋ።
«ቃል ወጣለት እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤
መልሱን ሳይሰማ መኪናው ጥግ ዞሮ፣ ዜማው ከወገቡ ተሰነጠቀ።

ስልኩ ጨው ዕቃው ላይ አሥራ ሁለተኛውን ይዟል።
የዋን-ሩ ግራ እጅ ጠረጴዛውን ይደበድባል፣
በዝግታ፣ ሳታውቀው።
እኔ ግን፣ ዓሣ መዛኙ፣
የዓሣ አንጀት የሞላ ፌስታል እንዳንጠለጠልኩ ነኝ፤
ሁለቱንም ስሰማ፣ ወደየትኛው እንደምሮጥ ጠፋኝ።