ሦስት መቶኛ

በሉሜዛኔ ሸለቆ ፀሐይ አርፍዳ ነው የምትወጣ፣
እኔ ከእሷ ቀድሜ ነው በሩን ልከፍት የምመጣ።
ቁልፉ ይከብዳል፤ ማጠፊያው ያጉረመርማል፤
ቶርኖው ብርድ ያደረበት ጉልበት ይመስል ይንቋቋል።
«ቆይ፣ ይሙቅ» ይለኝ ነበር አባቴ ኦቶሪኖ፤
«አፉን ሳይፈታ ካናገርሽው ይዋሽሻል ቶርኖ።»
ዘጠኝ ጣት ነበረው። አሥረኛዋን
እኔ በተወለድኩ ዓመት ፍሬዛው ወሰዳት፤
እናቴ ስታለቅስ «በምትኳ ልጅ አገኘሁ» ይላት።

አሁን ቶርኖው የኔ ነው፤ ዕዳውም፣ የዘይቱ ሽታም፣
ዝናብ ሲመጣ ባልዲ የምናኖርበት ቦታም።
ሁለት ሰው አለኝ። ሃርጂንደር፣ ከፑንጃብ የመጣው፣
ከአፉ ቃል ከሚወጣ ከሞርሳ ብሎን ማውጣት የሚቀለው፤
እና ቱሊዮ፦ ጡረታ ወጥቶ በሳምንቱ የተመለሰ፣
«የቤቱ ጸጥታ ጆሮዬን አመመኝ» እያለ።

አራት መቶ የናስ ዘንግ ታዘዝን፣ ለቦይለር ቫልቭ የሚሆን።
ዋጋውን ሦስቴ ቀነሱ፤ ሦስቴም «ይሁን»።
ክፍያው ከዘጠና ቀን በኋላ ነው፤ እሱንም ዋጥኩ።
የመብራት ደረሰኝ ግን ዘጠና ቀን መጠበቅ አያውቅም፤
ወለድም እንደ ዝገት ነው፣ እሑድ ብሎ አያርፍም።

ሐሙስ ማታ ሃርጂንደር ማይክሮሜትሩን ከፈተ፣ ደግሞ ዘጋ፣
አንዷን ዘንግ ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ ተጠጋ።
«ሦስት መቶኛ ጎድላለች።»
«ይህቺ ብቻ?»
«ጠዋት የወጡት በሙሉ። መቶ ሠላሳ።»
ጠዋት ማሽኑን ማን እንዳስነሳ ያውቃል፤ አልተናገረም።
እኔ ነበርኩ። ቸኩዬ። ገና አልሞቀም።

ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር! የፀጉር እኩሌታ እንኳ አይሞላ።
ተቀባዩም ከመቶ አንዱን ነው የሚለካ፣ እሱንም ምሳ ከበላ።
ደግሞ የጎማ ቀለበት ይገባበታል፤ ጎማ ይቅር ባይ ነው፤
ማን ያውቃል? አልኩ። ለካ ጮክ ብዬ ኖሯል ያልኩት፤
ቱሊዮ መጥረጊያውን አቆመ።
ሃርጂንደር ዘንጓን መዳፌ ላይ አኑሮ ዝም።
ከእጁ የተረፈ ሙቀት ነበራት፤ ለመጣል አትመችም።

ያኔ አንዲት የማላውቃት ሴት ታየችኝ፣ በብርድ ወር፣
ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ከቦይለሯ ሥር
ሳህን ስታኖር፤
ጠብ። ጠብ። «ማን ይሆን የሠራው?» ስትል፤
እኔም እዚህ ሆኜ ስሰማት።

በርሜሉ አፉን ከፍቶ ነበር። አንድ በአንድ ጣልኩ፤
ናስ ሲሞት እንኳ ደወል ነው፤ መቶ ሠላሳ ጊዜ ሰማሁ።
ቁርጥራጩን በኪሎ የሚገዛን አለ፤
ሰዓቱን ግን የሚገዛ ማን አለ?

አደርንበት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ
ቱሊዮ አይብና ዳቦ ቆረሰ፤ ሃርጂንደር ከፔርሙሱ ሻይ
ቀዳልን፣ ቅመሙ የሚያስነጥስ።
ቢላው ናሱን ሲልጥ ቁጭ ብዬ አየሁ፣
ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግሬ ሥር ሲፈስ፤
ቶርኖው አሁን ሞቋል፤ አሁን አይዋሽም።
ዓርብ ከሰዓት አደረስን። ተቀባዩ ልጅ ፈረመ፤
አንዷን እንኳ አልለካም።

ሰኞ ባንክ ሄድኩ፣ ቀን ይጨመርልኝ ልል።
ወለሉ የተወለወለ እንጨት፤ ፊት የሚያሳይ ይመስል።
ስራመድ አንድ ነገር ጭር፣ ጭር ይላል፤
ለካ የናስ ፍቅፋቂ ጫማዬ ሥር ተሰክቷል፣
ከበሩ እስከ ወንበሩ ቀጭን መስመር አስምሯል።

ሲኞር ዛኖሊ መነጽሩን አስተካከለ፣
«ዋስትናሽ ምንድን ነው?» አለ።
እኔ አቀርቅሬ ጭረቱን በዓይኔ እለካለሁ፤
ከሦስት መቶኛ አይበልጥም።
እግሬን ሰብስቤ ቁጭ አልኩ፤
ስለ ወለሉ ምንም አልነገርኩትም።