የፈተና ክፍያ

ሐምሌ ነው፤ ቫልዲቪያ ዝናቧን ታወርዳለች፣
ምድጃዬ እርጥብ እንጨት ታኝካለች።
ከወንዙ ዳር ገበያ የባሕር አንበሳ
የዓሣ አንጀት ፍለጋ እንደ ሰካራም ሲያገሳ
እሰማለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቅጽ፣
ሦስት መንገድ፣ ሦስት ገጽ።
የአንዱ ፈተና ክፍያ፣ የአንድ ክረምት ማገዶ ከነማጓጓዣው፤
«ቢወድቁም አይመለስም» ይላል ደቃቁ ማስታወሻው።

ላውታሮ፣ የእህቴ ባል፣ ከሶፋው ሳይነሣ፦
«ሰርጎ መግባቱን ያዢ! ኤርሲሊያ፣ አትሳሳቺ፣ በስማም!
ባንኩ ራሱ ከፍሎ ስበሪኝ የሚልሽ፣
ከዚህ ወዲያ ምን ሲሳይ፣ ምን ዕድል ሊመጣልሽ?»

ዶን አንሴልሞ ደግሞ፣ የማታው መምህሬ፣
መነጽሩን በከረቫቱ ጫፍ እየጠረገ፦
«ለዕድሜሽ ኦዲቱ ይበጃል። ዝርዝር ይዘሽ ትሄጃለሽ፣
‹አለ? የለም?› ትያለሽ፣ ምልክት ታደርጊያለሽ፤
ሌሊት ስልክ አይጮኽም፣ በጊዜ ትተኛለሽ።»

መተኛት።
ከዚያች ሌሊት ወዲህ መች ተኝቼ አውቃለሁ!

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፤
ስክሪኑ ሁሉ ቀላ። «ክፈሉ» አለን።
በራጅ ፖስታ ጀርባ የበሽተኛ ስም ስጽፍ
አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ፤
«የማይስማማቸው መድኃኒት?» ሐኪሙ ወደ እኔ ሲያፈጥ
የማውቀው ሁሉ ያለው ከዚያ ከቀላው መስኮት ውስጥ።
ያዳነቻቸው አሮጊቷ ናት፤ ከኪስ ቦርሳቸው ሥር፣
በእርሳስ የጻፈችው ብጣሽ፦
«ፔኒሲሊን እንዳትሰጡት፣ አደራ።»

በሩን ማን እንደከፈተው እስከ ዛሬ አልተጠየቀም፤
እኔም አልተናገርኩም።
«ያልተከፈለ ሂሳብ» ይል ነበር ኢሜይሉ፤
በአንድ እጄ ሻዬን ይዤ፣ በሌላው
ጠቅ።
ድምፁ ይኸው ነው፤ የክብሪት ጭረት አያህልም።

እናም ሰባሪነቱን ለሚያምርበት ተውኩት፤
ጠያቂነቱንም፣ ማን ነኝና ልጠይቅ?
ሦስተኛውን ቅጽ ሳብኩት፦
ከወደቀ በኋላ የሚጠሩትን፣
አመዱን አበጥሮ «በየት ገባ?» የሚለውን፣
የተረፈውን ቅጂ ከየጓዳው ለቅሞ
ስምን ወደ ባለቤቱ የሚመልሰውን።
ደሞዙ ያንሳል። ስልኩ ሌሊት ይጮኻል።
ይጩኽ።

ማገዶው ግማሽ ጭነት ይበቃናል፤ ልጄ ዳማሶ
ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያጠናል፣ ለምዶታል።

ምዝገባው አንድ ነገር ቀረው፦
«የይለፍ ቃል ይምረጡ፤ ጠንካራ፣ ማንም የማይገምተው።»
ብዕር አነሣሁ፣ እንደ አሮጊቷ በብጣሽ ልጽፈው፤
ግማሹን ጽፌ ሳቄ መጣ።
ወረቀቱን ምድጃው ውስጥ ከተትኩት፣
እርጥቡ እንጨት ለአፍታ ደመቀ።